ይህ ቤት ለኮረብታው ሰው ነው

ጃንዋሪ 18 ቀን 2015

እታለም ሉርሊን፣

ደህና ነኝ፣ ጉልበቴም ደህና ነው፣ ስኳሬም አንቺን ፈርቶ ልኩን ይዟል። ይህን ካላስቀደምኩ ቀሪውን እንደማታነቢው አውቃለሁ። አንቺስ እንዴት ነሽ? የቪስታ ሴካ ጉም ደረትሽን እንዳይዘው እፈራለሁ። ክሊኒክስ ማን ይወስድሻል? የመስሚያ መሣሪያሽ ስልክ ላይ ያፏጫል ካልሽ ወዲህ፣ ሰው ሁሉ ስልኩን ሲነካካ እኔ በስድሳ አራት ዓመቴ ቴምብር ፍለጋ እዞራለሁ።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። አዎ፣ አለፈ። የከተማው ምክር ቤት ማክሰኞ ዕለት ዘጠኝ ለሁለት ወሰነ። በአሮጌው የልብስ ማጠቢያ ቦታ ላይ የሚሠራው ሕንፃ ዘጠና ስምንት ቤት አለው። አርባው ኮረብታው ላይ ለሚኖር፣ ወይም ባለፉት አሥር ዓመታት ከኮረብታው ተገፍቶ ለወጣ ሰው ቅድሚያ ይሰጣል። የቀረው ሃምሳ ስምንት በዕጣ ነው፣ ለማንም። አንቺ ከወጣሽ ዘጠኝ ዓመት ከአራት ወር ሆነሽ። መጀመሪያ "አምስት ዓመት" ብለው ነበር የጻፉት። አሥር እስኪሆን ድረስ ሦስት ስብሰባ ላይ የጮኽኩት ለማን ብዬ ይመስልሻል? በሦስተኛው ላይ ሊቀመንበሩ "ሚስተር ጊለሪ፣ እህትዎን ሳላውቃቸው ናፈቁኝ" አለኝ።

እናታችን ከሉዊዚያና ሻንጣዋን ይዛ መጥታ የወጣችበት ኮረብታ ላይ ዛሬ እኛ ጥቁሮቹ በጣት የምንቆጠር ሆነናል። አከራይሽ ቤቱን የሸጠ ጊዜ "ለጊዜው ነው" ብለሽ ወደ ቪስታ ሴካ ሸለቆ ወረድሽ፤ ለጊዜው የተባለው እዚህ ደረሰ። እኔ ጋ እንዳትሆኚ የምኖርበት የአዛውንቶች ሕንፃ ደንብ እንግዳ ከአሥራ አራት ቀን በላይ አያሳድርም፤ ሥራ አስኪያጇ ደግሞ ቀን ስትቆጥር ለጉድ ናት።

ስለዚህ ኮረብታው ላይ መኖርሽን የሚመሰክር ሁለት ነገር ፈልጊ፤ ከድሮው ቤት የመብራት ደረሰኝና የፓስተሩን ደብዳቤ። ፎርሙን አብሬ ልኬልሻለሁ። የማመልከቻ ቢሮው ተከፍቷል፤ እኛ ለዚህ ሕግ የታገልነው የሰፈሩ ኮሚቴ ሰዎች በተራ እየተቀመጥን ፎርም እንሰጣለን፣ ለማያነብ እናነባለን። ሕንፃው በዓመቱ መጨረሻ ይጠናቀቃል። ስድሳ ስምንት ዓመት ሞልቶሻል እታለም። ሌላ ሕንፃ እስኪሠራ የሚጠብቅ ዕድሜ አንቺም የለሽ፣ እኔም የለኝ።

ታናሽሽ ኦዜል

ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2015

ወንድምዓለም፣

ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳልመልስልህ በመቆየቴ ይቅርታ። አልታመምኩም፤ ደረቴም ደህና ነው። ለመጻፍ በተቀመጥኩ ቁጥር አንድ ነገር እያነሳኝ ስለነበር ነው። እሱን ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

የመብራት ደረሰኙን አገኘሁት። የሴፕቴምበር ሁለት ሺህ አምስት ነው፤ ቤቱን ለመልቀቅ ስጠራርግ አልጣልኩትም ነበር። ለምን እንዳልጣልኩት አላውቅም። ከፓስተሩ ደብዳቤ ጋር አድርጌ ማመልከቻዬን በአደራ ፖስታ ልኬዋለሁ። ለምክር ቤቱ ሰው ስለ እኔ ምን ምን እንዳልክ ደግሞ እግዜር ይወቅ፤ አንተ ልጅ ምላስህ ከምትነዳው አውቶቡስ ይፈጥን ነበር።

ክሊኒክ ማን ይወስድሻል ብለሃል። ማሪሶል ትባላለች፣ ከግድግዳዬ ወዲያ የምትኖር ጎረቤቴ ናት። የኤል ሳልቫዶር ሰው ናት፣ በቋንቋዋ "ዶኛ" ትለኛለች፣ እሜቴ እንደማለት፤ ሁለት ሴት ልጆች አሏት። የምትሠራው እናንተ ጋ ነው፤ ከኮረብታው ግርጌ ባለው ሆስፒታል ክፍል ታጸዳለች። ሦስት ሰዓት በአውቶቡስ ሄዳ ሦስት ሰዓት ትመለሳለች። ልጆቿ አድገው ድምጿን የሚያውቁት በስልክ ይመስለኛል። ሐሙስ የዕረፍት ቀኗ ነው፣ ያንኑ አንድ ቀን ለእኔ ጉልበት ትሰጠዋለች። ምላሹን ስላት የምትቀበለኝ ሰኞ ሰኞ የምሠራውን ቀይ ባቄላ ብቻ ነው፤ እሱንም በርበሬ ትጨምርበታለች።

ሃምሳ ስምንቱ ለማንም ነው ብለህ ስለጻፍክልኝ ነገርኳት። ቅዳሜ ጃንዋሪ 31 ከሥራዋ አስፈቅዳ ቢሮው ሄደች። ያለ ፎርም ተመለሰች።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። የዚያን ቅዳሜ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ማን ነበር? እንዲያው ነው የምጠይቅህ።

ሉርሊን

ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2015

እታለም፣

አንቺ ደግሞ እንዲያው ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? የሃያ ሁለት ዓመት ሥራሽ መጠየቅ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ብዙ ሰው ይቀመጣል። ከቤተ ክርስቲያናችን እህት ኧርሊን አለች፣ ዲያቆን ፖሌት አለ፣ እኔም አልፎ አልፎ። ማን በየትኛው ሰዓት እንደነበር ማን ያስታውሳል? ወረፋው ከቢሮው ተነስቶ ፀጉር ቤቱን አልፎ ይታጠፋል። ከየት የመጣ ሰው ነው አትበይኝ! ትናንት የታክሲ ሾፌር እንኳን "እዚያ አልወጣም" ሲል የነበረው ኮረብታ ዛሬ ለሁሉም አማረ። እኛ ስንቀጠቀጥበት የኖርነው ቦታ። አንዳንዱ ፎርም ስትሰጪው "ምግብ ቤቶቹ ቅርብ ናቸው?" ይልሻል። ለዚህ ነው እንዴ አራት ዓመት ስብሰባ የቆምነው?

ጎረቤትሽ ደግ ሴት ትመስላለች፤ ስለ ጉልበትሽ አመስግኚልኝ። ሸለቆው ውስጥ ለእሷ የሚሆን ርካሽ ቤት መቼም አይጠፋም። ለመሆኑ ምን አለች? እዚህ ምን እንደተባለች ነገረችሽ?

ማመልከቻሽ ደርሷል። ከፊትሽ አምስት መቶ ያህል የኮረብታው ሰው አለ፣ ለአርባ ቤት። ግን ዕድሜ ይቆጠራል፣ ተገፍቶ መውጣት ይቆጠራል፣ ሁሉም አለሽ። ሰኞ ከቀትር በኋላ አጥሩ ጋ ሄጄ ቆሜ ነበር፤ ሁለተኛውን ፎቅ እየሞሉት ነው። ጥበቃው "አባባ፣ ጠፍተው ነው?" ሲለኝ ሳቄ መጣ። አርባ ዓመት መንገድ ያሳየሁ ሰው ነኝ አልኩት።

ኦዜል

ማርች 8 ቀን 2015

ኦዜል፣

ሴትየዋ ምን አለች ብለሃል። ብዙ አላለችም።

እኔ ግን ሳልነግርህ የኖርኩትን አንድ ነገር ልንገርህ። በሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ስድስት ሐርመን መንገድ ላይ "የሚከራይ" የሚል ማስታወቂያ ያየን ጊዜ ታስታውስ እንደሆነ። አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ አንተ አሥራ አምስት። ሰማያዊ ቀሚሴን ለብሼ ወጣሁ፣ አንተ ታች ደረጃው ላይ ተቀምጠህ ጠበቅኸኝ። ስመለስ "ምን አለሽ?" አልከኝ፤ "ተይዟል" አልኩህ። አልተያዘም ነበር።

ሰውዬው ክፉ አልነበረም። ለእኔ ባርኔጣውን አወለቀ። ወንበር ሳበልኝ። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ "ይህ ቤት ለሰፈሩ ሰው ነው የኔ እመቤት፣ በከንቱ ተስፋ እንዳልሰጥሽ" አለኝ። ቢሰድበኝ ኖሮ ሰድቤው እወጣ ነበር። አመስግኜው ወጣሁ። እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ማመስገኔ ነው።

ሁለት ዓመት ቆይቶ በቤት ላይ በዘር ማዳላትን የሚከለክለው የፌዴራሉ ሕግ ወጣ። የቤት አድልዎ አጣሪዎቹ ቢሮ የገባሁት በዚያ ቃል ምክንያት ነው። ሥራውን ታውቀዋለህ። እኔ ተከራይ መስዬ እገባለሁ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ አንዲት ነጭ ሴት እንደ እኔው ለብሳ ትገባለች፤ ከዚያ ሁለታችንም ያየነውንና የሰማነውን ብቻ እንጽፋለን። ሰዓቱን፣ በሩን፣ የሰውየውን መልክና ልብስ፣ ቃሉን። "መሰለኝ" ብሎ መጻፍ ክልክል ነበር። "ማን ያስታውሳል" ማለትም ክልክል ነበር።

ይህን ለምን ዛሬ እንደጻፍኩልህ አትጠይቀኝ። ጉልበቴ ደህና ነው።

ሉርሊን

ጁን 22 ቀን 2015

እታለም፣

ይህን ሁሉ ጊዜ ዝም በማለቴ ይቅር በይኝ፤ ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፍቶኝ ነው። አሁንም አላወቅሁም። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ሕጉ ወደቀ።

የፌዴራሉ የቤቶች ቢሮ ለከተማው ደብዳቤ ጻፈ፤ ሐሙስ ማታ በስብሰባ ተነበበልን። ሕንፃው የፌዴራል ገንዘብ አለበት ይላል። ባይኖርበትም እንኳ የፌዴራሉ ሕግ ከከተማውም ከካሊፎርኒያም ሕግ በላይ ነው ይላል። የበታቹ ሕግ በቤት ላይ አድልዎን የሚያዝ ወይም የሚፈቅድ ሆኖ ከተገኘ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። የኮረብታውን ሰው ማስቀደም ጥቁሩን ኮረብታው ላይ፣ ሌላውንም ባለበት አቆይቶ የድሮውን መለያየት ማስቀጠል ነው አሉ። አርባው ቅድሚያ ተሰርዟል። ዘጠና ስምንቱም ቤት ለሁሉም በዕጣ ይሆናል። አመልካቹ ስድስት ሺህ አልፏል።

የድሮው መለያየት! እዚህ ኮረብታ ላይ ማን አጎረን? ሌላ ቦታ አከራዩን ብንል እምቢ ያሉን እነማን ነበሩ? አሁን ቤታችን ውድ ሲሆንና ስንባረር፣ እንመለስ ስንል አድሏዊ ተባልን። ያውም በገዛ ሕጋችን። አንቺ ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገልሽው ሕግ ነው እኮ። እህት ኧርሊን እንባዋ እየወረደ "በገዛ ዱላችን" አለችና ቁጭ አለች።

ነገሩን የጀመረው አንድ አቤቱታ ነው አሉ። ማን እንደጻፈው አልተነገረንም፤ ስሙን ሸፍነውታል። ማንም ይሁን፣ ያን የጻፈ እጅ ይቆረጥ። አንቺን ከደጃፍሽ መለሰሽ። ዕጣው ቢወጣ እንኳ ከስድስት ሺህ ውስጥ አንቺን የሚያወጣ ምን ዕድል ነው?

መቼ ነው የምትጽፊልኝ?

ኦዜል

ጁላይ 6 ቀን 2015

ወንድምዓለም፣

መጥፎው ነገር የቱ እንደሆነ ባላውቅም ሁሉንም እጽፋለሁ።

የረገምከው እጅ የእኔ ነው።

ፌብሩዋሪ 3 ቀን፣ ማሪሶልና እኔ ወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን ጻፍነው። እሷ ተናገረች፣ እኔ ጻፍኩ፣ እሷ ፈረመች። እንደለመድኩት ጠየቅኋት። "ስንት ሰዓት ነበር?" አልኳት። "ለአራት ሰዓት ሃያ አምስት ጉዳይ" አለች። "ማን አነጋገረሽ?" "ሽማግሌ ጥቁር ሰውዬ። ቡናማ ባርኔጣ። ደረቱ ላይ የአውቶቡስ ነጂዎች ዓርማ። በጣም ጨዋ ሰው ነው ዶኛ ሉርሊን፣ ወንበር ስቦልኝ ነበር።" "ምን አለሽ?" "'ይህ ቤት ለኮረብታው ሰው ነው የኔ እመቤት፣ ፎርም ሰጥቼ በከንቱ ተስፋ እንዳልሰጥሽ' አለኝ።" "አንቺስ ምን አልሽው?" "አመሰገንኩት።"

ብዕሬን አስቀመጥኩ። ተነስቼ ውሃ ጠጣሁ። ተመልሼ ቁጭ አልኩና እንዳለችው ጻፍኩት። ስምህን አልጻፍኩም፣ እሷም አታውቀውም።

ወዲያው አልላክሁትም። አምስት ሳምንት በቦርሳዬ ይዤው ዞርኩ። የሰውን አቤቱታ መያዜ በራሱ በደል ነበር፤ ያውም ሐሙስ ሐሙስ እያደረሰችኝ። ቅዳሜ ማን ነበር ብዬ የጠየቅሁህ ለዚህ ነው። "እኔ ነበርኩ እታለም፣ ጥፋቴ ነው፣ ፎርሟን በፖስታ እልክላታለሁ" ብትለኝ ኖሮ እሷን ለምኜ እናስቀረው ነበር። "ማን ያስታውሳል" አልክ። ስለ ሐርመን መንገድ ጻፍኩልህና አንድ ቀን አደርኩ። በማግስቱ ፖስታ ቤት ሄድኩ።

ሕጉ ይወድቃል ብዬ ግን በፍጹም አላሰብኩም። ይህን እመነኝ። በእኔ ጊዜ አንድ አቤቱታ አንድ በር ነበር። ባለቤቱ ይጠራል፣ ይገሠጻል፣ ሴትየዋ ፎርሟን ታገኛለች፣ መዝገቡ ይዘጋል። አሁን ስለ ጠረጴዛው ሊጠይቁ ገብተው ጠረጴዛው የቆመበትን ሕግ አነሱት። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይላሉ፤ እኔ የራሴንም የአምስት መቶ ሰውንም ነው ያሳረርኩት። እነ እህት ኧርሊንን በምን ዓይን አያቸዋለሁ?

ሕጉ መውደቅ ነበረበት ወይ ብትለኝ፣ አላውቅም። ሌሊቱን ሙሉ ከራሴ ጋር ስከራከር አድራለሁ፤ አንዴ አንተ ትረታለህ፣ አንዴ እነሱ። አንተ ለማሪሶል የተናገርከው ግን ሕግ ላይ አልነበረም። ሃምሳ ስምንት ቤት ለማንም ነበር። ስንት ሰው ነው እንዲህ የመለስከው?

ሉርሊን

ሴፕቴምበር 14 ቀን 2015

ሉርሊን፣

ሁለት ወር ያልጻፍኩት ተቆጥቼ ነው። መጀመሪያ በአንቺ ነበር፤ መጨረሻው ግን ወደ ሌላ ሄደ።

ስንት ሰው መለስክ ብለሻል። አሥራ አንድ።

ማን ያስታውሳል ያልኩሽ ውሸት ነው። ሁሉንም አስታውሳቸዋለሁ። ጎረቤትሽ አራተኛዋ ነበረች። ግራጫ ሹራብ ለብሳ ነበር፣ እጇ መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል፤ ከሆስፒታል እንደመጣች ገብቶኝ ነበር። ስታመሰግነኝ ቀና ብዬ አላየኋትም። የማርች ደብዳቤሽን ሳነብም ነገሩ ገብቶኛል። ጁን ላይ ያን እጅ ስረግም የማን እንደሆነ ጠርጥሬ ነው የረገምኩት። እንዲህ ያለ ወንድም ነው ያለሽ።

ለምን አልሽኝ አይደል? አላልሽኝም፣ ግን ልንገርሽ። ኮሚቴው እንዲህ በሉ አላለንም። ከራሴ ነው። በሩ ላይ ያንን ወረፋ ሳይ ደም ፍላቴ ተነሳ። ለኮረብታው የተቆረጠው አርባ ብቻ ነው፣ አምስት መቶ ሰው አለን። አርባው ውስጥ ካልገባሽ ሃምሳ ስምንቱ ውስጥ ያለሽን ዕድል ላሰፋልሽ አልኩ። እያንዳንዱን የውጭ ሰው ስመልስ አንቺን አንድ ደረጃ ያወጣሁ እየመሰለኝ ነበር። ፊቱን አላይም፣ የአንቺን ነው የማየው። ያ የሐርመን መንገድ ሰውዬም የሚያያት እህት ነበረችው መሰለኝ። "መሰለኝ" ማለት ክልክል ነው አይደል? ይቅርታ።

ደረጃው ላይ ተቀምጬ የጠበቅሁሽ ቀን "ተይዟል" ስትይኝ አምኜሽ ነበር። ባትዋሺኝ ኖሮ ይህን ቃል ሌላ ሰው ላይ አልናገረውም ነበር ብዬ ተናደድኩብሽ። ከዚያ በዚህም አፈርኩ። ስድሳ አራት ዓመቴ ነው።

አሁን ምን ላድርግ?

ኦዜል

ሴፕቴምበር 19 ቀን 2015

ወንድምዓለም፣

አሥራ አንዱንም ጻፋቸው። ሰዓቱን፣ መልካቸውን፣ ልብሳቸውን፣ ያልካቸውን ቃል። ያላስታወስከውን አትጨምር። ለእኔ አትላከው፤ አቤቱታውን ለያዘችው የፌዴራሉ ቢሮ መርማሪ ውሰድላት፣ በእጅህ።

ስለዋሸሁህ ልክ ነህ። ያኔ ትንሽ ነህ ብዬ ነበር። ትልቅ ከሆንክ በኋላም አልነገርኩህም፣ ለዚያ ምክንያት የለኝም።

እግርህን አሙቀህ ተኛ፤ ለስኳር ቅዝቃዜ ጥሩ አይደለም።

ሉርሊን

ዲሴምበር 7 ቀን 2015

እታለም፣

መርማሪዋ ወጣት ናት፣ ሚስ ኦኩዳ ትባላለች። አሥራ አንዱን ገጽ አነበበችና "እንዲህ መጻፍ የት ተማሩ?" አለችኝ። "ከእህቴ" አልኳት። ሌላ አልጠየቀችኝም።

ከኮሚቴው ወጥቻለሁ። ወጣሁ እላለሁ እንጂ ዲያቆን ፖሌት ወንበሬን ነው ያጠፈው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰው ሰላም ይለኛል፣ ግን አጠገቤ ያለው ቦታ ሰፊ ሆኗል። ግማሹ ጠረጴዛው ላይ በሠራሁት ተቀይሞኛል፤ ግማሹ ደግሞ ሄጄ ስለመናገሬ። እህት ኧርሊን ብቻ መጥታ ተቀመጠች። "በሁለቱም ተቀይሜሃለሁ፣ ግን እዚህ ጥግ ነፋሱ ይሻላል" አለችኝ። ስለ አንቺ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። አቤቱታውን ማን እንደጻፈው የሚያውቅ የለም፣ እኔ እስካለሁም አያውቅም።

ከተማው ከፌዴራሉ ጋር ተደራድሮ አዲስ ሕግ አውጥቷል። አሁን ቅድሚያው ለሰፈር ሳይሆን፣ በየትኛውም የከተማው ክፍል ቤቱን ሊያጣ ለተቃረበ ሰው ሆነ። ይህ ከላይ ተፈቅዷል። እንዴት ደስ አለኝ መሰለሽ! የማመልከቻ ቢሮው ጸሐፊ ጋ ሮጥኩ። "ሊፈናቀል ያለ ነው የሚለው ሚስተር ጊለሪ፣ ተፈናቅሎ የጨረሰ አይደለም። እህትዎ ከተማው ውስጥ አይኖሩም" አለችኝ። ሦስት ጊዜ አስነበብኳት። ሦስቱም ጊዜ ያንኑ አለ።

መልሼ የላክኋቸው አሥራ አንድ ሰዎች በስምምነቱ መሠረት ከዕጣው በፊት ቤት ይሰጣቸው ተባለ። ሰባቱ ተገኝተዋል። ጎረቤትሽ አንዷ ናት፤ ሁለት መኝታ፣ አራተኛ ፎቅ። ሳትነግርሽ አትቀርም። አሁን ክሊኒክ ማን ይወስድሻል? ቁልፉን ስትቀበል ከሩቅ ቆሜ ነበር። አየችኝ፣ አወቀችኝም። ባርኔጣዬን አውልቄ ወደ እሷ ሄድኩና ያልኩትን አልኩ። እጄን ጨበጠችኝና ቁልፏን ይዛ ገባች። የሚገባኝ ይኸው ነው።

ይህን ሁሉ የማራዝመው ዋናውን ነገር ላለመጻፍ ነው። ዕጣው ቅዳሜ ዕለት በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ወጣ። ቁጥርሽ 5127 ነበር፣ በሸሚዜ ኪስ ይዤዋለሁ። ከጠዋት እስከ መጨረሻው ቁጥር ድረስ ቆሜ ሰማሁ። ሰዎቹ ወንበር ማንሳት ጀምረው እንኳ ቆሜ ነበር።

አልወጣም እታለም።

ኦዜል

ጃንዋሪ 11 ቀን 2016

ወንድምዓለም፣

ደብዳቤህ ከገና በፊት ነው የደረሰኝ። በበዓል ልመልስልህ አልፈለግሁም፤ ዓመቱ ይለፍ ብዬ ነው። አትቀየመኝ።

ማሪሶል ቅዳሜ ሄደች። ዕቃዋ ብዙ አይደለም፣ አንድ ጭነት መኪና በቃው። ትልቋ ልጅ ፍራሹን ስትጎትት አገዝኳት፣ ጉልበቴ እምቢ ሲለኝ ተቀምጬ ሳህኖቹን በጋዜጣ ጠቀለልኩ። ማሪሶል ታለቅስ ነበር። "ዶኛ፣ የእርስዎ ቤት ነው የወሰድኩት" አለችኝ። "የራስሽ ነው፣ ማንም አልሰጠሽም" አልኳት። ከሥራ በእግሯ ስምንት ደቂቃ ነው አሉ። ልጆቿ ከእንግዲህ ራት ከእናታቸው ጋር ይበላሉ። ይህን እያሰብኩ ሁለት ቀን ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ።

ክሊኒክ ማን ይወስድሻል ብለሃል። ክሊኒኩ መኪና ይልካል አሉ፣ ከሁለት ሳምንት በፊት ማስመዝገብ ነው። ጎን ያለው ቤት ገና አልተከራየም። ግድግዳው ዝም ብሏል፤ መስሚያዬን ሳላወልቅም ዝም ነው።

ስለ ኮሚቴው፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ሰው የጻፍከውን ደጋግሜ አነበብኩ። ጥሩ አድርገሃል። ልታገኘው የሚገባህን ምስጋና የሚሰጥህ ስለሌለ እኔ ልስጥህ፤ ኮርቼብሃለሁ። የእኔን ስም መደበቅህን ግን ተው። እህት ኧርሊን ከጠየቀችህ ንገራት። ካልጠየቀችህም በፋሲካ መጥቼ አሥራ አራቷን ቀን አንተ ጋ ስሆን እኔው እነግራታለሁ።

ማሪሶል ዛሬ ደግማ መጥታ ያንኑ ቃል ብትነግረኝ እንደገና እጽፈዋለሁ፣ አንተ መሆንህን እያወቅሁም። የጻፍኩት ትክክል ነው። ለፓስተሩም፣ ለማሪሶልም፣ ለራሴም እንዲህ ስል ከረምኩ፤ ሁሉም አመኑኝ። ለአንተ ግን ሌላውንም ልንገርህ፣ ሌላ የምነግረው ሰው የለኝም። ኦዜል፣ እኔም እኮ ቤቴ መግባት እፈልግ ነበር።

እህትህ ሉርሊን